ከጭራ ሥር፦ የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ሥራችን የጀመረው ጥቅምት ላይ በአንድ ብልቃጥ ነው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከጊደራቸው ላይ የወደቀች፣ ሽምብራ የምታህል የጠገበች መዥገር ይዞ መጣ። የብልቃጡን አፍ በጨርቅ አስረን መስኮት ላይ አስቀመጥናት። ከቀናት በኋላ ቡናማ እንቁላል መጣል ጀመረች። ልጆቹ ሊቆጥሩ ተነሡ፤ 400 ላይ ጠፋባቸው። እንዲህ ያለችው መዥገር ከ2000 በላይ ትጥላለች። ከዚያ ወዲህ "አንዷ ምን ታመጣለች?" የሚል ልጅ የለንም።

ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን ቤት አንድ ሁለት ዲቃላ ላም አለ። ደብተሩም ዩኒፎርሙም ከወተቱ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፈቃደኛ ቤቶች እየሄድን መዥገር ቆጠርን። አቆጣጠሩን ያሳዩን አንድ የእንስሳት ሐኪም ናቸው፦ ጆሮ፣ ግት፣ ብሽሽት፣ ከጭራ ሥር፤ በአንድ ጎን ብቻ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት።

ከበረት በማይወጡት ላይ ብዙም አላገኘንም። ሜዳ የሚውሉት ግን ግታቸው ዙሪያ ተደርድሮባቸዋል። ልጆቹ "የበረቷ ዳነች" ብለው ደመደሙ፤ እኔም እንደዚያው። ሐኪሙ አረሙን። ባቤሲያ፣ ማለትም መዥገር የሚያስተላልፈው የደም ጥገኛ ተሕዋስ፣ ጥጃን ሲይዝ አብዛኛውን ጊዜ አይጥለውም። ሰውነቱ ይለምደዋል፤ ደሙ ውስጥ የሚቀረው ፀረ እንግዳ አካል ምስክሩ ነው። መዥገር ሳያገኛት ያደገች ላም ግን አንድ ቀን መዥገር ያለበት ቦታ ከሄደች ክፉኛ ትታመማለች። ዲቃላዋ ደግሞ ከሐበሻዋ ይብስባታል።

የካቲት ላይ ነገሩን በዓይናችን አየነው። አንዷ ልጃችን ሰልፍ ሳንጨርስ እየሮጠች መጣች። "ቲቸር፣ ላማችን ደም ትሸናለች!" በረት ውስጥ አድጋ ታኅሣሥ ላይ የተገዛች ላም ናት። የልጅቷ እናት መዥገሩን ጋዝ ሊቀቡት ተዘጋጅተው ነበር፤ ልጅቷ "ቆይ እማዬ" ብላ ሐኪሙን አስጠራች። ሐኪሙ ከላሟ ጆሮ ጫፍ ደም ወስደው በማይክሮስኮፕ አሳዩን። ቀይ የደም ሴሎቹ ውስጥ እንደ ዕንባ ጠብታ የሾሉ ነገሮች፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው። ባቤሲያ ነው። በሽታ በመዥገር እንደሚተላለፍ ቲዮባልድ ስሚዝና ፍሬድ ኪልቦርን እ.ኤ.አ. በ1893 አሜሪካ ውስጥ ያረጋገጡት በዚሁ ነው፤ የወባና የትንኝ ነገር ከመረጋገጡ በፊት። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ እንደገና ለማየት ተሰለፉ።

ላሟ ተወጋች። መድኃኒቱ ከወተቷ እስኪወጣ እንዳይሸጥ ተነገራቸው። እናቷ ወተቱን እየደፉ፣ "የሰው ልጅ ይጠጣዋል፣ እንዴት እሸጣለሁ?" አሉን። ያችን ሴት በጣም ነው ያከበርኳት።

ሚያዝያ ላይ ላሟ ወደ ወተቷ ተመለሰች። ልጅቷ አሁንም ከመታለቧ በፊት ጭራዋን ከፍ አድርጋ ታያለች።