ለክርስትና እናቷ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እናትሽ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ተማሪ ሳለን ደብዳቤ ስንጽፍ «ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» እንል ነበር። ናፍቆቱ ዛሬም እውነት ነው፤ ስለ ደህንነቱ ግን ትንሽ የማወራሽ አለ።

ከወንድሜ ለቅሶ ወዲህ ድምፄ የጠፋው ተቀይሜሽ አይደለም። በስልክ የሚነገር ነገር ስላልሆነብኝ ነው። ደግመሽ እንድታነቢው ብዬ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ።

ኩላሊቴን ልሰጠው ተነስቼ «አልገጠመም» ተባለ ብያችሁ ነበር። እስከዚያም አልደረሰም። እዚህ ሜሪላንድ ለለጋሽነት ስመረመር ሽንቴ ላይ ደምና ፕሮቲን ተገኘ። በዓይን የማይታይ፣ በማይክሮስኮፕ የሚለይ ደም ነው። ከዚያ የዘር ምርመራ አዘዙልኝና በሽታው አልፖርት ሲንድሮም እንደሚባል ታወቀ። ኩላሊት ደም የሚያጣራበት ስስ ሽፋን ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ነው የሚሠራው፤ እኛ ቤት ያ ኮላጅን ጎዶሎ ነው። ጆሮ ውስጥም ስላለ ወንድሜ ገና ተማሪ ሳለ መስማት አቃተው። አስተማሪው «ልግመኛ» እያለ ሲገርፈው ትዝ ይልሻል? ጆሮውን ያየው ሐኪም ኩላሊቱን አልጠየቀም፣ ኩላሊቱን ያየው ደግሞ ጆሮውን።

ዶክተር አልፖርት በ1927 (እንደ ፈረንጆቹ) ስለ አንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ ሲጽፍ፣ ወንዶቹ እየደነቆሩ በኩላሊት እንደሚሞቱ፣ ሴቶቹ ግን እስከ እርጅና እንደሚቆዩ አስተዋለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሴቷ ታስተላልፋለች እንጂ አትታመምም ሲባል ኖረ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በአውሮፓ ቤተሰቦች ላይ በተደረገ ጥናት 40 ዓመት ሳይሞላቸው ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመባቸው ከወንዶቹ 90 በመቶ፣ ከሴቶቹ 12 በመቶ ነበሩ። አሥራ ሁለትን ጥቂት ነው የሚል ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ የሌለ ሰው ነው።

አሁን ወደ ተነሳሁበት ልምጣ። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ያየው የነበረው የወንድሜን ወንድ ልጅ ነው። «አባቱን እንዳይወርስ» እያሉ ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት አመላለሱት። የኛ ቤት በሽታ ግን የሚሄደው ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ነው። አባት ለወንድ ልጁ ዋይን ይሰጣል፤ ኤክሱ የሚደርሰው ለሴት ልጁ ነው፣ ያለውም አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጁ ነፃ ነው። በሽታው ያለው ሴት ልጁ፣ ያንቺው የክርስትና ልጅ ላይ ነው። ምናልባት የሚባል ነገር የለውም። እኔ ከእማዬ ስወለድ ዕድሌ እኩል ለእኩል ነበር፤ እሷ ግን ያን ዕድል እንኳ አላገኘችም።

ሰሞኑን ሽማግሌ ሊላክ ነው ሲባል ሰማሁ። እሰይ! የቸኮልኩትም ለዚሁ ነው።

ከሁሉ አስቀድመሽ መውለድ እንደምትችል ንገሪያት። የኛው ዓይነት ማህፀንም እንቁላልም አይነካም። ነገሩ የሚከብደው ኩላሊት ሲደክም ነው። ዳያሊስስ ላይ ያለች፣ ማለትም ደሟ በማሽን የሚጣራላት ሴት የወር አበባዋ ይዛባል፣ ብዙ ጊዜም ይቀራል። ያም ቢሆን መጨረሻ አይደለም፤ ኢዲት ሄልም የምትባል አሜሪካዊት ከመንትያ እህቷ ኩላሊት ተቀብላ በ1958 ወልዳለች።

እኔም ወልጃለሁ። ወንድ ነው። (ጩኸትሽ እዚህ ድረስ ተሰማኝ።) ከማርገዜ በፊት ለኩላሊቴ ሎሳርታን የሚባል የግፊት መድኃኒት እወስድ ነበር። እሱም ሆነ ኢናላፕሪል የሚባለው ሌላው በተለይ ከሦስተኛው ወር በኋላ የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳል፣ የእንሽርት ውሃውንም ያሳንሳል። ስለዚህ ለግፊቴ ኒፌዲፒን ወደሚባል ሌላ መድኃኒት አዞሩኝ፤ ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ በትንሽ መጠን አስፕሪን ጨመሩልኝ። ወደ መጨረሻው እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ፣ ፕሮቲኑም አሻቀበ። ኩላሊቱ ይሁን ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው የእርግዝና ግፊት ለመለየት ሐኪሞቹ ራሳቸው ተቸገሩ፤ ቀድሞውንም ሽንቴ ፕሮቲን ነበረበታ! ልጁ ቀኑ ሳይሞላ ተወለደ። አሁን ጉንጩን ብታይው! ከወለድኩ በኋላ ኢናላፕሪል እየዋጥኩም እንዳጠባው ተፈቅዶልኛል።

እሱም አለበት። ሽንቱ ላይ ታይቷል። ከማህፀን ውጭ አስፀንሰው በሽታው የሌለበትን ፅንስ መርጠው ማስገባት እንደሚቻል ነግረውኝ ነበር፤ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ተውነው። ወጪው አንድ ነገር ነው፣ ልቤም እሺ አላለኝም። እሷ ሌላ ብትመርጥ አልፈርድባትም። የዘር ለውጡ የቱ ቦታ ላይ እንዳለ የሚያሳየውን ወረቀት አብሬ ልኬልሻለሁ፤ የትም ብትሄድ የሚፈለገው ያ ነጥብ ብቻ ነው። ልጄ ደግሞ ዓመት ከሞላው በኋላ መድኃኒት ይጀምራል፣ ኩላሊቱን ለዓመታት ሊያቆይለት ይችላል። ወንድሜ ይህን ሳያገኝ መሄዱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እባክሽ ለብቻዋ ንገሪያት። ለእናቷም፣ ለሽማግሌዎቹም ከመድረሱ በፊት እሷ ትስማው። ወሬው ከወጣ «በዘራቸው ኩላሊት አለ» ተብሎ ሰርጉ ሊፈርስ እንደሚችል አውቃለሁ። ለእጮኛዋ መንገር የእሷ ድርሻ ነው፤ እኔ ብሆን ግን ሽማግሌ ሳይመጣ እነግረው ነበር። እንዲህ ያለውን በኋላ ከሰው አፍ መስማት ይመርራል። ደግሞ ለማንም ቢሆን ኩላሊት እንዳትሰጥ።

ከዚያ ይዘሻት ሂጂ። ግፊቷን ይለኩላት፣ የሽንቷን ፕሮቲንና የኩላሊት ሥራ የሚለካበትን የደሟን ክሬአቲኒን ይዩላት፣ ጆሮዋንም ያስመርምሯት። ለማርገዝ ስታስብ ደግሞ አስቀድማ የኩላሊት ሐኪም ታማክር፤ ያን ጊዜ መድኃኒት ላይ ከሆነች መቀየሪያው ያኔ ነው። ሽንቷን የምትሰጠው የወር አበባዋ በሌለበት ሳምንት ይሁን፤ አለዚያ ደሙ ከየት እንደመጣ አይለይም። ውጤቱን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

ያቺው ጓደኛሽ