ጎረቤትም ይሰማ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። «የከተማው ፕላን እንዲህ እንድትገነባ አይፈቅድልህም» የተባለ ሰው «ለእኔ በልዩ ሁኔታ ይታይልኝ» ብሎ ሲያመለክት፣ ጉዳዩ ስለሚታይበት መንገድ አንድ ነገር ለማለት ነው።

ከተማችን እየሰፋች ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ቤት የሚከራይ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ቦታ ያለው ሁሉ አንድ ፎቅ መጨመር፣ መኖሪያውን ሱቅ ማድረግ፣ እስከ አጥሩ ጥግ መገንባት ያምረዋል። አልፈርድበትም።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲወያይበት ይላል። የሕንፃ ሕጉ ደግሞ በሕንፃ ሹሙ፣ ማለትም የግንባታ ፈቃድ በሚሰጠው ኃላፊ፣ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ወደ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ እንዲሄድ በር ከፍቷል። ጥሩ ነው። ግን በዚህ በር የሚገባው ማን ነው? የተከለከለው ባለ ቦታ ነዋ! የእምቢታው ደብዳቤ በእጁ ነው፣ የሚከራከርበትን ያውቃል። ጎረቤቱ ግን ለዚያ ሰው መፈቀዱን የሚሰማው እርብራቡ ሲቆም ነው። ያኔ ይግባኝ ቢል ምን ይረባዋል? መሠረቱ ወጥቷል፣ ብረቱ ታስሯል። ማን ሊያፈርሰው?

የእኛ አገር ብርድ መቼም የታወቀ ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። ጠዋት ግቢ የምትገባውን ፀሐይ ሽማግሌ ይሞቃታል፣ እህል ይሰጣባታል፣ የሕፃን ልብስ ይደርቅባታል። አጥር ታክኮ የተነሣ ፎቅ ይህቺን ፀሐይ ሲወስድ የትኛው ፋይል ላይ ይጻፋል? መስኮቱ ወደ ሰው ጓሮ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ጣጣ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለ ንብረት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ይከለክላል። ቢሆንም ፍርድ ቤት መመላለስ የስንት ሰው አቅም ነው?

ልዩ ፈቃድ ጭራሽ አይሰጥ አላልኩም። ቤሬሳ ወንዝ ዳር ተዳፋት ላይ ቦታ የደረሰው ሰው አለ። መንገድ ሲሰፋ ይዞታው የተቆረጠበትም አለ። እሱን «ከወሰንህ ይህን ያህል ሸሽተህ ሥራ» ቢሉት ቤት የሚያቆምበት አይተርፈውም። ለእሱ ይታሰብለት፤ ችግሩ ከቦታው የመጣ ነው። «ኪራይ ይጨምርልኛል» የሚለውን ግን ከዚህ ጋር አንድ ላይ ማየት አይገባም። «ለእገሌ ተፈቅዶ የለም ወይ?» የሚባለውም ክርክር መቆም አለበት። እንዲህ ከተባለ አንድ ፈቃድ ሰፈሩን ሙሉ ይጎትታል፤ ፕላኑም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ሆኖ ይቀራል።

እኔ የምለው ከባድ ነገር አይደለም። ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ማመልከቻው በቦታው በር ላይና በቀበሌው ሰሌዳ ይለጠፍ። አዋሳኞች በጽሑፍ ይጠየቁ። የሚወስኑት ሰዎች ቦታውን በእግራቸው ሄደው ይዩት፤ ካርታ ላይ ተዳፋቱም ጥላውም በቅጡ አይታይም። ውሳኔውም ከነምክንያቱ ይለጠፍ። ጎረቤት ካልፈረመ አይፈቀድ ግን አልልም። በድሮ ቂም የማይፈርም ሞልቷል።

በሸዋ ሮቢት፣ በመሐል ሜዳ ወይም በዓለም ከተማ አዋሳኝን አስቀድሞ የሚጠይቅ አሠራር ካለ፣ እዚያ ያላችሁ አንባቢዎች እስቲ ጻፉልን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የደብረ ብርሃን ነዋሪ