አባዬን ያለ «ቄስ» የጻፍኩበት ቀን

ውዴ፣ እንዴት ነሽ? እማማስ፣ ልጆቹስ? አባባ ሐጂ ጤናቸው እንዴት ነው?

ሳልጽፍልሽ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። መጀመሪያ የሌሊት ሥራው፣ ቀጥሎ የአባዬና የእማዬ የአሜሪካ ቪዛ ፕሮሰስ አዋከበኝ። ከዚያ ደግሞ ዘገየሁ ብዬ አፈርኩ፤ ሳፍር የባሰ ቆየሁ። ይቅር በይኝ። ሰሞኑን እህቴ ከደሴ ስትደውል፣ ወንድምሽ ከሚኒያፖሊስ ለወላጆቻችሁ እንዳመለከተና ፎርሙን የምትሞዪው አንቺ እንደሆንሽ ነገረችኝ። እኔን የገጠመኝ አንቺን እንዳይገጥምሽ ብዬ ቶሎ ተቀመጥኩ።

አባዬን ታውቂያቸዋለሽ። ስማቸውን ባዶውን የሚጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ለጎረቤቱ «አባታችን» ናቸው። እማዬ እንኳ «ቄሱ» ነው የምትላቸው። ፎርሙ ላይ ስም የሚለው ቦታ ስደርስ እጄ ቆመ። ያለ ቄስነታቸው መጻፍ ድፍረት መሰለኝ። ፓስፖርታቸውን ገልጬ አየሁት። «ቄስ» የሚል የለበትም። እያመነታሁ ስማቸውን ብቻ ጻፍኩ።

ልክ ነበርኩ። ችግሩ የመጣው ከጋብቻ ወረቀታቸው ነው። እዚያ ላይ «ቄስ» አለ፤ ተርጓሚው ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል «ኬስ» ብሎ ከስማቸው ፊት ደረደረው። ማዕረግ ነው የሚል አንዲት ቃል አልጨመረም። ወረቀቱን ያየው ሰው «ኬስ» የሚባል ሌላ ሰው አገኘ፤ አባዬም በወረቀት የራሳቸው ልጅ ሆነው ቁጭ አሉ። ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው ወይ፣ ማስረጃ ጨምሪ የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። ከደብሩ ሰበካ ጉባኤ ደብዳቤ ተጻፈ። አባዬ ሰነዶች ማረጋገጫ ድረስ ሄደው ቃላቸውን ሰጡ። ትርጉሙ እንደገና ተሠራ። አምስት ወር ሄደ። አባዬ 78 ዓመታቸው ነው፤ ለሳቸው አምስት ወር ብዙ ነው። አልቅሻለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ዲኤስ 260 የሚባለው የኢሚግራንት ቪዛ ማመልከቻ ፎርም የሚፈልገው ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ስም ነው። ፓስፖርት የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደንብ አለ፤ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሰነድ 9303 ይባላል። በደንቡ መሠረት ማዕረግ ከስም ጋር አይገባም። አገሩ የስሙ ሕጋዊ አካል ነው ካለ ብቻ ነው የሚገባው። ስለዚህ አቶ፣ ወይዘሮ፣ ዶክተር፣ ቄስ፣ ሐጂ፣ ሼህ ፎርሙ ላይ ቦታ የላቸውም። ፓስፖርቱ ላይ ከታተመ ግን እንዳትነኪው። ያኔ ለነሱ ስም ነው።

ትርጉም ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ተርጓሚ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ ማስቀመጥ አለበት፤ «ሐጂ»ን ይዝለለው ብትዪ ራሱ ችግር ይሆናል። ማዕረግ መሆኑን በቅንፍ እንዲጽፍልሽ አጥብቀሽ ንገሪው። የእማማ «ወ/ሮ»ም እንዲሁ። ያቺ ጭረት አንድ ቦታ ከወደቀች ፊደሎቹ ገጥመው ስም ይመስላሉ።

የናንተ ከኛ የሚከብደው በወንድምሽ በኩል ነው። ትዝ ይልሻል፣ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ የአባቱን ስም «ሐጂ» ብለው ጻፉት? አሁንም ወረቀቱ ሁሉ በዚያ ነው የሚሄደው። የአባባ ፓስፖርት ላይ ደግሞ ሐጂ የለም። ልጁ «የሐጂ ልጅ ነኝ» ይላል፣ አባትየው ሐጂ አይደሉም። የወንድምሽን ለማስተካከል አትድከሚ። የአባባን እንደ ፓስፖርታቸው ሙዪ። ፎርሙ «ሌላ የተጠቀሙበት ስም አለ?» ብሎ ሲጠይቅ አዎ በዪና ከነሐጂው የሚጠሩበትን አስገቢ። በሁለቱም ስም የሚታወቁት አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ ማረጋገጫም ከወዲሁ አዘጋጂ፤ እስኪጠይቁሽ አትጠብቂ። ሐጂ ከልደቱ ስሙ የሆነ ሰውም ስላለ፣ አይቶ የሚያውቅልሽ የለም።

ስም የሆነውንም ማዕረግ ነው ብለሽ እንዳትቆርጪ። «ገብረ» እና «ወልደ» የስም ግማሽ ናቸው። አንዷ የማውቃት ልጅ የአያቷን «ገብረ» ክብር መጠሪያ መስሏት አውጥታው ብዙ ተንከራታለች።

ሌላው ቀላል ነው። የአውሮፕላን ትኬት ላይ «ሚስተር» የሚለው ከስማቸው ጋር ተጣብቆ ብታዪ አትደንግጪ፤ የትኬት አጻጻፍ ነው።

አባዬና እማዬ ባለፈው ጥቅምት ገቡ። ኤርፖርት አባዬን ያገኘኋቸው መስቀላቸውን በእጃቸው ይዘው ነው። ስሜን ከመጥራታቸው በፊት አሳለሙኝ።

የአባባን ፓስፖርትና የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ፎርሙን ሳትልኪው አብረን መስመር በመስመር እናየዋለን። እሁድ በናንተ ማታ ላይ እደውላለሁ፣ ስልክሽን እንዳትዘጊ። የአባባ ሐጂን ጉልበት ሳሚልኝ።

ያንቺው