አደይንና ሜችን እንለይ

ክቡር አዘጋጅ፣

በአዲስ ዓመት እትማችሁ የፊት ገጽ ላይ “አደይ አበባ” በሚል መግለጫ የወጣውን ፎቶግራፍ ደጋግሜ ተመለከትኩት። አበባው በእርግጥ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሜች የሚባል ሌላ ቢጫ አበባ እንጂ አደይ አይደለም።

ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። እኔም እዚህ ጅማ ለዓመታት ስኖር በመስከረም በየመስኩ የሚፈካውን ቢጫ ሁሉ አደይ ስል ቆይቻለሁ። ልዩነቱን ያሳዩኝ ኑግ ሲያርሙ ያደጉ ጎረቤቴ ናቸው። ልጆች ለእንቁጣጣሽ ያመጡልኝን እቅፍ እንዳዩ አበባውን ትተው ቅጠሉን በጣታቸው እያሹ፣ “ይኼ እኮ ሜች ነው፤ ኑጉ ውስጥ እየገባ የሚያስቸግረን” አሉኝ።

እውነትም ሜች የኑግ የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ያልተሰነጣጠቀ፣ ሲዳስሱት ሸካራ ሲሆን፣ ግርጌው ያለ ዘንግ ግንዱን ያቅፋል። በኦሮምኛ ኬሎ የምትባለው የአደይ ቅጠል ግን ጠለቅ ብሎ የተሰነጣጠቀ ነው። የአበባቸው መልክ እጅግ ስለሚመሳሰል ከላይ ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ቅጠሉ ካላሳመነ ዘሩን መመልከት ነው፦ የሜች ዘር እንደ ኑግ ጥቁርና ለስላሳ ሲሆን፣ የአደይ ዘር ጠፍጣፋ ሆኖ በግራና በቀኝ ስስ ክንፍ አለው። ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ ባይደንስ ከሚባለው የዕፅዋት ወገን የመደቧት አደይ፣ ማክሮፕቴራ የሚለው የሳይንስ ስሟ ትርጉሙ “ባለ ትልቅ ክንፍ” ነው።

ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። አደይ በቅላ፣ አብባና ዘርታ በዚያው ዓመት የምትደርቅ ተክል ናት፤ ለከርሞ የምናገኛት ዘሯ መሬት ላይ ከወደቀ ነው። ሳታፈራ ለገበያ እየተነቀለች ከአንድ መስክ ብትመናመንና ቦታዋን ሜች ቢይዘው፣ ቢጫ እስካየን ድረስ አደይ አለች እያልን ማለፋችን አይቀርም። መጥፋቷን እንኳ ሳናውቅ እንዳናጣት እሰጋለሁ።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ መግለጫውን እንድታርሙና የሁለቱን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን እንድታወጡልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ፎቶ አንሺያችሁም አበባውን ብቻ አቅርቦ ከማንሳት ይልቅ ቅጠሉና ግንዱ እንዲታይ ከጎን ቢያነሳው አንባቢ ራሱ መለየት ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከጅማ