ጀበናው ሳይገነፍል

ሀዩዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ እንዲህ ብዬ መጠየቄ ያሳፍራል። ይቅር በይኝ። የሐረጎውን ቀን አንቺም አልረሳሽው፣ እኔም አልረሳሁት። ከሚኒባሱ ወርጄ በእግሬ ስሄድ ከኋላዬ ስትጠሪኝ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ያልኩሽ ውሸቴን ነው።

እናትሽ ደህና ናቸው? ጉልበታቸውስ? ሱቁን እንዳሰፋሽው ሰማሁ፤ ማሻ አላህ። ደሴ ያው ብርድ ነው። አንቺ ኮምቦልቻ ሞቆሽ ረስተሽዋል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለምን እንደምፈራ እንጃ፤ አንቺ እኮ ነሽ።

ያ ጠባዬ ስም አለው። ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው። ሰው ሊተወኝ ነው ብዬ ካሰብኩ ቀድሜ እተወዋለሁ። ጠዋት የወደድኩትን ማታ እጠላዋለሁ። ቁጣው ሲያልፍ ደግሞ ውስጤ ባዶ ይሆናል። በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ የምለብሰው ለምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ ጮኼብሽ ነበር፤ ትዝ ይልሻል? ምክንያቱን ያወቅሽ ይመስለኛል። አሁን እጄ ድኗል።

ጸበሉን አልተውኩም። ግን አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያም አግኝቻለሁ፤ በየሳምንቱ ኃሙስ ለሁለት ሰዓት አብረን እንቀመጣለን። የምታስተምረኝ ስቴፕስ የሚባል ነው፤ አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ የተጀመረ፣ 20 ሳምንት የሚፈጅ ስሜትን የመቆጣጠር ሥልጠና። እዚያ በቡድን ነው የሚማሩት፤ እኔ ብቻዬን ነኝ። ልጅነቴን ትቆፍርብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አይደለም። እንደ ልብስ ስፌት ሙያ ነው የምማረው። ደብተር አለኝ፣ የቤት ሥራ አለኝ።

ስሜትን ከ1 እስከ 5 እሳት ላይ እንደተጣደ ድስት ይስሉታል። 1 ላይ ቀዝቃዛ ነው፣ 5 ላይ ይገነፍላል። እኔ ጀበና አደረግሁት። ጀበና ከመገንፈሉ በፊት ያስታውቃል አይደል? ድምፁ ይለወጣል፣ አረፋው ወደ አፉ ይወጣል። ዕድሜዬን ሙሉ ከ1 ተነስቼ 5 ላይ የምዘል ይመስለኝ ነበር። 2 እና 3 መኖራቸውን ያወቅሁት ገና ዘንድሮ ነው። 3 ላይ መንጋጋዬን እነክሳለሁ፣ ስልኬን ደጋግሜ አያለሁ።

ባለፈው ሰኞ እህቴ ስልክ አላነሳ አለች። አራቴ ደወልኩ። 4 ደረስኩ። መልእክቱን ጻፍኩት፤ ያንን ዓይነቱን፣ ታውቂዋለሽ። ግን ሳልልከው ተነሳሁ። በረንዳ ላይ ያደረውን ውሃ ሳፋ ላይ ገልብጬ ትንፋሼን ያዝኩና ፊቴን ነከርኩ። የደሴ ውሃ በጠዋት! እስከ 30 ቆጠርኩ። ቅዝቃዜው ፊት ላይ ሲያርፍ የልብ ምት ዝግ ይላል። ይሄኛው ዘዴ ዲቢቲ ከሚባለው፣ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻ ሊንሃን ከፈጠረችው ሕክምና የተወሰደ ነው። ሴትዮዋ ራሷ በ17 ዓመቷ የአእምሮ ሆስፒታል ተኝታ እንደነበር በፈረንጆቹ 2011 በአደባባይ ተናግራለች። ያንን የሰማሁ ቀን አለቀስኩ።

ቀና ስል 3 ነበርኩ። መልእክቱን አጠፋሁት። እህቴ ሰኞ ገበያ ወርዳ ኖሯል፤ በግርግሩ ስልኩን አልሰማችውም።

ድኛለሁ አልልሽም። ገና ሰባተኛ ሳምንቴ ነው። ከዚያ ወዲህም አንድ ቀን ገንፍሏል።

ሀዩ፣ የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው። በዚህ ሥልጠና የቅርብ ሰዎችም ይማራሉ፤ ምን እንደሚሉ የተጻፈበት ካርድ ይሰጣቸዋል። መምከር የለ፣ ማባበል የለ። «ስንት ላይ ነሽ? ደብተርሽን አየሽ? የቱን ልትሞክሪ ነው?» ይኸው ነው። ባለሙያዋ የማንን ስም ልጻፍ ስትለኝ እህቴን አልኳት። ሁለተኛው መስመር ላይ ያንቺን ጻፍኩና፣ ሳልጠይቅሽ ስለሆነ ሰረዝኩት። ልጻፈው?

እምቢ ማለት ትችያለሽ። የምሬን ነው። ዝም ብቻ አትበይኝ፤ ዝምታ ገና አልቻልኩም። «አይሆንም» የሚል አንድ ቃል ይበቃኛል።

እሺ ካልሽ የሚመጣው ኃሙስ ከሰዓት በፊት ነይ። ፒያሳ፣ ድሮ የምንገናኝበት ጋ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ያን ቀን ሚኒባሱ ውስጥ ጥዬው የወረድኩት ነጠላዬ አንቺ ጋ ካለ ይዘሽልኝ ነይ።

ያንቺው መሲ