ለብቻሽ አትብዪ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትሽን ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ደብዳቤ መጻፍ የመረጥሁት በስልክ ስንገናኝ "ደኅና ነኝ አባዬ፣ በልቻለሁ" ብለሽ ቶሎ ስለምትዘጊብኝ ነው።

የአክስትሽ ልጅ ከማድሪድ ግራናዳ ድረስ ሊጠይቅሽ መጥቶ ያየውን ሁሉ ነግሮናል። ከስታለች አለን። ማታ ማታ ክፍልሽን ዘግተሽ፣ ከዚህ ይዘሽው የሄድሽውን ሽሮ በትንሿ ድስት ሠርተሽ፣ ኮምፒውተርሽን ከፊትሽ አስቀምጠሽ ብቻሽን ትበያለሽ አሉ። አብረውሽ የሚማሩት ልጆች ታፓስ፣ ከመጠጥ ጋር የሚቀርበውን ትንንሽ ምግብ፣ እንብላ ብለው ሲጠሩሽ አንድ ቀን "ጾም ነው"፣ ሌላ ቀን "አሞኛል" እያልሽ ትቀሪያለሽ። እናትሽ መክሳትሽን ሰምታ አለቀሰች። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ብቻሽን መብላትሽ ነው። ልጄ፣ ለብቻሽ አትብዪ።

እዚያ በደረስሽ በመጀመሪያው ሳምንት በስልክ ምን ያህል እንደሳቅሽ አልረሳሁም። ግራናዳ ውስጥ አንድ መጠጥ ሲታዘዝ ምግብ በነፃ አብሮ እንደሚመጣ፣ ሁለተኛው ሲታዘዝ ሌላ ዓይነት እንደሚከተል፣ የሚመጣውን የሚመርጠው ቤቱ እንጂ በላተኛው እንዳልሆነ ነገርሽኝ። እኔም የማስተረጉምላቸውን የስፔን ጎብኚዎች ጠየቅሁ። ሴቪያ ከተማ ታፓስ አብዛኛውን ጊዜ በገንዘብ ነው አሉኝ። ሳን ሴባስቲያን ከተማ ደግሞ ፒንቾ የሚሉትን፣ በስንጥር የተሰካውን ምግብ ሰው ራሱ ከባንኮኒው ላይ እያነሳ ይበላል፤ በመጨረሻ የበላው ተቆጥሮ ይከፈላል። የግራናዳ ደግነት ግን በአገሩም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1531 የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ የተማሪን ኪስ ያውቃል። ታዲያ ይህን ሁሉ ትተሽ በር መዝጋትሽ ምን ይባላል?

ታፓ ማለት ክዳን ማለት ነው። በድሮ ጊዜ ዝንብ እንዳይገባ ብርጭቆውን በቁራሽ ዳቦ ይከድኑት ነበር፣ ስሙም ከዚያ መጣ ይባላል። ይህን ቃል ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የሚያስጨንቅሽ የአሳማው ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠለውን የአሳማ ጭን አይተሽ ከበር መመለስሽንም ሰምቻለሁ። በዚህ አልቆጣሽም፤ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ። ነገር ግን የሚበላ አጥተሽ አይደለም። "ኖ ኮሞ ሴርዶ" በዪ፣ አሳማ አልበላም ማለት ነው። "ሥጋ አልበላም" ብቻ ካልሽ አይበቃም፤ ሃሞኑን፣ ያንን የደረቀ የአሳማ ጭን፣ ከሥጋ የማይቆጥር አስተናጋጅ እንዳለ ጎብኚዎቹ ራሳቸው አስጠንቅቀውኛል። ባቄላ ስታዪ ቶሎ ደስ አይበልሽ፣ ግራናዳ ውስጥ ባቄላውን ከሃሞን ጋር ነው የሚሠሩት። ሳልሞሬሆ የሚሉት የቲማቲም ሾርባም ላዩ ላይ እንቁላልና ሃሞን ይነሰነስበታል፣ ያለዚያ ስጡኝ በዪ። ቶርቲያ ድንችና እንቁላል ነው፣ ለፍስክ ቀን ነው። ለረቡዕና ለዓርብ ደግሞ የወይራ ፍሬው፣ ቲማቲም የተቀባው ዳቦ፣ የተጠበሰው ቃሪያ አለ። ከሁሉም በላይ ስፒናች በሽምብራ አለልሽ፤ ነጭ ሽንኩርትና ከሙን ገብቶበት በዘይት የሚሠራ ነው። ሽምብራ በከሙን ለአንቺ እንግዳ ነው? ሴት አያትሽ ቤት ያደግሽ ልጅ!

ስለ መጠጡ አንድ ጊዜ እናገራለሁ፣ አልደግመውም። ምግቡ የሚመጣው ከመጠጥ ጋር ነውና፣ ምግብ ፍለጋ ስትዪ በባዶ ሆድሽ ሦስትና አራት ብርጭቆ እንዳትደርሺ። ለስላሳ ብታዢም ታፓው ይመጣል። ሞስቶ የሚሉት ያልቦካ የወይን ጭማቂም አለ። በስፔን ራት ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት አይታሰብም፤ ስለዚህ ከትምህርት ስትመለሺ ትንሽ ነገር ቅመሺ። ቆመሽ ስትበዪ ቦርሳሽ ከፊትሽ ይሁን። የመኖሪያ ፈቃድሽን ማደሻ ቀን ጻፊልኝ። ብቻሽን ወደ ክፍልሽ አትመለሺ፣ ብቻሽንም አትብዪ።

አሁን ለእናትሽም ነግሬያት የማላውቀውን ልንገርሽ።

አባቴ ካራማራ ላይ ከወደቀ በኋላ በ1972 ዓ.ም. ወደ ኩባ እንደተላክሁ፣ የወጣቶች ደሴት በምትባለው ደሴት ግማሽ ቀን እየተማርን ግማሽ ቀን ግሬፕፍሩት እንለቅም እንደነበር ታውቂያለሽ። የትምህርት ቤታችንን ወጥ ቤት ሴትዮ ግን አታውቂያትም። እናቴን በቁመቷም በአረማመዷም ትመስል ነበር። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ሴት ልጇ አሥራ አምስት ዓመት ስትሞላ፣ በዚያ አገር ይህ ለሴት ልጅ ትልቅ ድግስ ነውና፣ ሦስታችንን ሐበሾች እሑድ ቤቷ ጠራችን። ሁለቱ ሄዱ። እኔ ቀረሁ። ሙሉ አሳማ እንደሚጠበስ ሰምቼ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ባቄላው ሳይቀር በአሳማ ስብ ይበስላል። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የድግሱን ሙዚቃ ከሩቅ እየሰማሁ፣ ሃይማኖቴን የጠበቅሁ መስሎኝ ኮርቼ ተኛሁ።

ጓደኞቼ ሌሊት ሲመለሱ ነገሩኝ። ለእኛ ብላ ዶሮ ለብቻው ሠርታ ነበር። ድስቱን ከጎረቤት ተውሳ፣ ስብ ሳታስነካ በዘይት አብስላ፣ ሩዙንና ጥቁር ባቄላውንም እንዲሁ ለብቻው አድርጋ። ያንን ሩዝ በባቄላ "ሞሮስ ይ ክሪስቲያኖስ" ይሉታል፣ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከአንቺው አገር፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1492 የሙስሊም ነገሥታት መቀመጫ ከነበረችው ከግራናዳ ዘመን ታሪክ ነው። እናቴ ሐረር ድግስ በደገሰች ቁጥር ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን በጉን በሙስሊም እጅ ታሳርድ ነበር፤ ድስቱ የተለየ፣ ጭልፋው የተለየ። እነርሱም በዒድ እንዲሁ ያደርጉልን ነበር። ያች ኩባዊት ይህን ማን አስተማራት? ማንም። እኔ ግን የእናቴ ልጅ ሆኜ አላወቅኋትም።

ሰኞ ጠዋት በምግብ ቤቱ መስኮት ጠራችኝ። ድርሻዬን በሳህን አድርጋ፣ በሌላ ሳህን ከድና አምጥታልኛለች። አፍሬ ነበር። አመሰግናለሁ ማለት አቅቶኝ "አልራበኝም" አልሁ። ክዳኑን አላነሳችውም። "እሺ ልጄ" ብላ ሳህኑን ወደ ውስጥ መለሰችው። ከዚያ በኋላም እንደ ድሮዋ በፈገግታ ታበላኝ ነበር፣ እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም። ወደ ሃቫና ስዛወር ሄጄ እንኳ አልተሰናበትኋትም። ዛሬ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ጎብኚዎቹን ምሳ ቤት ወስጄ በአንድ ትሪ ላይ እንጀራ ስናቀርብ፣ አንዱ አንዱን ሲያጎርስ እያየሁ ብዙ ጊዜ ያ የተከደነ ሳህን ይመጣብኛል። አንቺ ታፓ ብለሽ በስልክ ስትስቂ የመጣብኝም እርሱ ነበር፤ ዝም ያልሁት ለዚያ ነው።

ልጄ፣ የጠሩሽን ልጆች እንቢ አትበያቸው። የማትበዪውን ንገሪያቸው፣ ጹሚ፣ ግን ተቀመጪ። ውኃ ይዘሽም ቢሆን ተቀመጪ። ለብቻሽ አትብዪ።

የፊታችን ዓርብ እንደሚጠሩሽ የአክስትሽ ልጅ ነግሮኛል። ሂጂ። ጾም ስለሆነ ስፒናች በሽምብራውን ጠይቂ፣ ከሌለ ወይራና ዳቦ አይጠፋም። ከሴራ ኔቫዳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ማታ ይበረታልና ቡናማውን ካፖርት ልበሺ። ቅዳሜ ጠዋት እደውላለሁ፤ አብረውሽ የነበሩትን በየስማቸው ትነግሪኛለሽ።

አባትሽ

ልረሳው ነበር፦ እናትሽ በሰው ሁለት ኪሎ ሽሮ ልካልሻለች። ግማሹ የልጆቹ ድርሻ ነው። ቤትሽ ጠርተሽ ሠርተሽ አብያቸው። መጀመሪያ ግን የማይስማማቸው ነገር ካለ ጠይቂ፤ ሚጥሚጣውንም ለብቻ አቅርቢላቸው።