ለአቡሽ፦ ሌሊት ጆይስቲክ አትንካ

ይድረስ ለልጄ ለአቡሽ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እግሬ ገና ጄሶ ውስጥ ነው፤ ሐኪሙ በቅርቡ ይፈታል ብሎኛል። መኪናዋን የሚነዳልኝ ሰው አግኝቻለሁ። ፍሬን አያያዙ ግን አላማረኝም።

ወደ ነገሬ ልግባ። የአክስትህ ልጅ ሐዋሳ ለሥራ መጥቶ አግኝቶህ ነበር አይደል? ሲመለስ እኛ ቤት ጎራ አለ። ቡና እየጠጣ ሳያስበው አመለጠው። ጌም ቤት እያደርክ ነው አሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት የነበረህ የሚድ ፈተና በእንቅልፍ አልፎሃል አሉ። እናትህ ስኒውን አስቀምጣ ዝም አለች። ዝምታዋን ታውቀዋለህ።

እኔ አልጮህብህም። ጩኸቱን እሷ በስልክ ትጨርሰዋለች፣ ካነሳህላት። ስልክህን አንሳ! እኔ የምልህ አንድ ነገር ነው፤ ሌሊት አትጫወት። አትጫወት አላልኩህም። ሌሊት አትጫወት ነው ያልኩህ።

"አባዬ ስለ ጌም ምን ያውቃል" እንዳትል ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። ከተሰበርኩ ወዲህ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ነው የምውለው። ዜናው ሰለቸኝ። አንድ ቀን እህትህ ሚጡ፣ አክስትህ ከዱባይ ያመጣችልህን ፕሌይስቴሽን አውጥታ ሰካችና "አባዬ ሞክረው" አለችኝ። ልጅቷን ደስ ላሰኛት ብዬ ያዝኩት። አሁን "ተራዬን ስጠኝ" ብላ የምትለምነው እሷ ሆናለች። ያንተን ሴቭ አልነካንም፤ አትስጋ።

መጀመሪያ ያስጀመረችኝ ጎድ ኦፍ ዋርን ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2018ቱን። አንተ በር ዘግተህ ስትጫወተው ለእኔ የሚሰማኝ የአንድ ጎልማሳ ጩኸት ብቻ ነበር። ለካ የአባትና የልጅ ታሪክ ኖሯል። የክራቶስ ሚስት ሞታለች። አመዴን ከሁሉ ከፍ ካለው ተራራ ጫፍ ላይ በትኑልኝ ብላ አደራ ሰጥታለች። እሱና ልጁ አትሬየስ አመዷን በከረጢት ይዘው ይነሳሉ። እናትህ ሽንኩርት እየከተፈች ይህን አየችና "ሬሳ አቃጥሎ በከረጢት! ተዝካሯንስ ማን ሊያወጣላት ነው?" አለች። ከዚያ ወዲያ ግን በየቀኑ ከማድቤት "ደረሱ?" እያለች ትጠይቀኛለች።

የክራቶስን መጥረቢያ ግን ምን ልበልህ! ትወረውረዋለህ፣ አውሬው ላይ ይሰካል፣ እዚያው በረዶ ያደርገዋል። ባለ ሦስት ማዕዘኗን ቁልፍ ስትጫን እየተሽከረከረ ይመጣና መዳፉ ውስጥ ገጭ ይላል። ጆይስቲኩም እጅህ ውስጥ ንዝር ያደርግሃል። እኔ በሥራዬ ስንት መፍቻ ወርውሬ አንዱም ተመልሶልኝ አያውቅም። ጠላት በሌለበት ዛፍ ላይ እየወረወርኩ ስመልስ ሚጡ "ወደፊት ሂድ እንጂ አባዬ!" ብላ ትቆጣኛለች።

መጀመሪያው አካባቢ ልጁ አጋዘን ያድናል። ተቻኩሎ ይስተዋል። አባትየው ይቆጣና ቀስቱን ይቀማዋል። ኋላ አጋዘኑን ይመታዋል፣ ግን አልሞተም። በቢላ መጨረስ አለበት። የልጁ እጅ ይንቀጠቀጣል። አባትየው እጁን በልጁ እጅ ላይ ደርቦ ያግዘዋል። ከዚያ ልጁ ጀርባውን ሰጥቶት ሳለ ክራቶስ ሊያጽናናው እጁን ይዘረጋል። ሳይነካው መልሶ ይሰበስበዋል። ዓይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ ያልፋል። ልብ ብለኸው ነበር ወይስ ስልክህን ስትጎረጉር አመለጠህ? ተመልሰህ እየው። በቀን።

ካሜራውን ደግሞ ወደድኩት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቆረጥም። ከዚህ ወደዚያ አይዘልልህም፤ ከሰውየው ጀርባ ሆነህ መንገዱን ሁሉ አብረህ ትሄዳለህ። ጋቢና ውስጥ መቀመጥ ነው። ክራቶስ ወገብ ላይ ደግሞ ሚሚር የሚባል ተቆርጦ የተንጠለጠለ ራስ አለ። ጀልባ ላይ ሲሆኑ ተረት ያወራላቸዋል። ዳር ሲደርሱ ከመሃል ያቋርጣል። ተመልሰው ሲሳፈሩ ካቆመበት ይቀጥላል። ይሄን ሲያደርግ ጊዜ ጌሙን ፖዝ አድርጌ ቁጭ አልኩ።

ጋሼ ትዝ አለኝ። የአሰብን መንገድ ያስለመደኝ፣ እኔ ረዳት እሱ ሹፌር ሆነን። ነግሬሃለሁ፣ ቢሆንም ስማኝ። ከአዋሽ ወጥተን ገዋኔን አልፈን ሚሌ እስክንገባ ያወራኝ ነበር። ኬላ ስንደርስ ታሪኩን ከመሃል ይተወዋል። "ቀሪው ኋላ" ይላል። ኬላውን ስናልፍ አንድ ቃል ሳይስት ይቀጥላል። ጫት አይቅምም። እንቅልፍ ሲመጣበት ዳር አቁሞ ይተኛል እንጂ አይታገልም። ከእንቅልፍ ጋር የሚታገሉትን ድልድይ ሥር እያሳየኝ ነው ያሳደገኝ።

የገዋኔውን ሰውዬ ነገር የጀመረልኝ በመጨረሻው ጉዟችን ነው፣ ከአሰብ ስንመለስ። መኪናው ሌሊት በረሃ ላይ ተበላሽቶበታል። ብቻውን ተቀምጦ ሳለ አንድ ሰው በባዶ እግሩ ወተት ይዞለት ይመጣል። ጋሼ ጠጥቶ ቀና ሲል ሰውየው በስሙ ይጠራዋል። አይቶት የማያውቀው ሰው! እዚህ ላይ ቃሊቲ ደረስን። "ቀሪው ስንሄድ" አለኝ። አልሄድንም። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መጣ፣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። እሱ ሌላ መስመር ገባ። እኔ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ በጅቡቲ ዞርኩ። ሄጄ እጠይቀዋለሁ፣ ዛሬ ነገ ስል መርዶውን ሰማሁ። ሰውየው ማን ነበር? ስሙንስ ከየት አወቀ? ገዋኔን ባለፍኩ ቁጥር ይከነክነኛል። ልጆቹንም ጠይቄያለሁ፤ የሰማ የለም።

ምን ልልህ ነበር? አዎ። ሌሊት አትጫወት።

ሴኪሮን ደግሞ ሞከርኩት። ወይ መከራ! ያ የጃፓኖቹ ኩባንያ ፍሮምሶፍትዌር በፈረንጅ 2019 ያወጣው። ቀለል አድርግልኝ የምትልበት ቦታ እንኳ የለውም። ቤተ መንግሥቱ አናት ላይ ያለው ጌኒቺሮ ዓይኔን አጠፋው። እኔ እየሸሸሁ ነበር፣ እሱ ደግሞ በሸሸሁ ቁጥር ትንፋሽ ሰብስቦ ይመለሳል። ተጠግተህ ሰይፉን በሰይፍ እየመከትክ ሚዛኑን ማሳጣት እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ያን ማታ እስከ ስድስት ሰዓት ታገልኩት። እየመሸ ሲሄድ ጣቴ ከዓይኔ ወደኋላ ቀረ። በማግስቱ ከቁርስ በኋላ ጣልኩት። ጌሙ ያው ጌም፣ እኔም ያው እኔ። የተለወጠው እንቅልፉ ነው።

ጎስት ኦፍ ሱሺማን ብዙ አልገፋሁበትም። ሞንጎሎች በፈረንጅ 1274 የጃፓኗን የሱሺማ ደሴት ሲወሩ ነው። ደስ ያለኝ አቅጣጫ የምትጠይቀው ነፋሱን መሆኑ ነው። ጆይስቲኩን ከላይ በጣትህ ዳበስ ስታደርገው ነፋስ ይነሳል፣ ሣሩ ወደምትሄድበት ይተኛል። መንገዱን እንጂ ስክሪን ጥግ ያለ ካርታ አታይም። ስለ ፈረሱ አልጽፍም፤ ታውቀዋለህ። እናትህ አላለቀስኩም ብትልህ እንዳታምናት።

አሁን አንተ ጌም ቤት ምን እንደምትጫወት የአክስትህ ልጅ ነግሮናል። ፊፋ ነው። ያውም "የተሸነፈ ይከፍላል" እየተባባላችሁ። ለዚያ ነው ሌሊቱ የማያልቅላችሁ። የተሸነፈው ላስመልስ ይላል፣ ያሸነፈው በነፃ ነኝ ብሎ አይነሳም፣ ባለቤቱ ደግሞ ቢነጋ ደስታው ነው። ክራቶስን ሴቭ አድርገህ ብትተኛ ቆሞ ይጠብቅሃል። እዚያ የሚጠብቅህ ሒሳብ ብቻ ነው። በቀን፣ ክላስ በሌለህ ሰዓት ሂድ፤ ተቃውሞ የለኝም። ሌሊት ግን አትጫወት ልጄ።

መምህሩ ጋ ሂድና በእንቅልፍ አለፈኝ ብለህ በራስህ አፍ ንገረው። ሜካፕ የምትሉትን የማካካሻ ፈተና ለምነው። የውሸት የሐኪም ወረቀት የምትባል ነገር እንዳትሞክር፣ አጥንትህን ነው የምሰብረው። በአንድ እግሬም ቢሆን እመጣለሁ።

አጎበርህን ዘርጋ፤ ሐዋሳ ወባ አለ። ብር በቴሌብር ልኬልሃለሁ፣ ለምግብ ነው። እናትህ በሶ፣ ሽሮና ድርቆሽ አዘጋጅታ ለአንድ ወዳጄ ሹፌር ሰጥታዋለች። ቅዳሜ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ይደርሳል። አታስጠብቀው፤ እሱም እንቅልፍ አለበት። ባዶ ዕቃዎቹን መልስ፣ ባለፈው ያስቀረሃቸውን ጨምረህ።

ይልቅስ አንድ ነገር እርዳኝ። የጎድ ኦፍ ዋርን ቫልኪሪዎች፣ እነዚያን ባለ ክንፍ ሴት ተዋጊዎች፣ ስምንቱን ጨርሻለሁ፣ ግማሾቹን ሚጡ ናት እርግጥ። ንግሥቲቱ ሲግሩን ቀርታኛለች። "ቫልሃላ!" ብላ ጮኻ ከላይ ስትወርድብኝ በየት በኩል ነው የምገለበጠው? ሚጡ ወደ ጎን ትላለች፣ እኔ ወደ ኋላ እላለሁ፣ ሁለታችንም እየሞትን ነው። አንተ እንዴት እንደጣልካት ጻፍልኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከላክልኝ ግን አላነበውም።

አባትህ